የአናጢው ልጅ ሰዓት፤ የጆን ሃሪሰን ሕይወትና ሥራ

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት እኩል ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም፤ ሁለቱም ከተሞች በ10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ይገኛሉ። የሚለያዩት በምሥራቅና በምዕራብ ነው። የፍኖተ ሰላም ኬንትሮስ 37 ዲግሪ ከ16 ደቂቃ፣ የቡሬ ደግሞ 37 ዲግሪ ከ4 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ልዩነታቸው የአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛ ይሆናል። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት የሰዓት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ በፍኖተ ሰላም ቀትር ከሆነ በኋላ የቡሬ ቀትር እስኪደርስ 48 ሰከንድ ያህል ያልፋል። አንድ መንገደኛ በፍኖተ ሰላም ፀሐይ የተስተካከለ ሰዓት ይዞ ቡሬ ቢገባና የቡሬን ቀትር ቢለካ፣ ከሰዓቱና ከፀሐይዋ ልዩነት ብቻ ወደ ምዕራብ 22 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዙን ለማወቅ ይችላል። ሰዓቱ በመንገድ ላይ 48 ሰከንድ ከዘገየበት ግን መንገደኛው ከፍኖተ ሰላም ንቅንቅ አላለም የሚል መልስ ይሰጠዋል።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ከቡሬ በስተሰሜን በሰከላ ምድር ግሽ ዓባይ ደርሶ የምንጩን ቦታ በመሣሪያ ለክቶ ነበር። ኬክሮሱን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ብሎ መዘገበ፤ ይህም ዛሬ ከሚታወቀው ጋር የሚገናኝ ነው። ኬንትሮሱን ግን 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ አደረገው፤ በዚህ ቁጥር ብንሄድ የዓባይ ምንጭ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተገፍቶ እንጅባራ አጠገብ ይውላል። ብሩስ ቸልተኛ ለኪ አልነበረም። ኬክሮስ የሚገኘው የፀሐይን ወይም የከዋክብትን ከፍታ በመለካት ነው፤ ኬንትሮስ ግን የሁለት ቦታዎች የጊዜ ልዩነት ስለሆነ፣ የሩቁን አገር ሰዓት ማወቅን ይጠይቃል። ብሩስ ይህን ለማግኘት የጁፒተርን ጨረቃዎች ግርዶሽ በመነጽር ተመልክቶ ከአውሮፓ ሰንጠረዦች ጋር ማስተያየት ነበረበት። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የቀረው ስሕተት በጊዜ ሲታሰብ ከአንድ ደቂቃ ጥቂት ቢበልጥ ነው።

ብሩስ በጎጃም ተራራ ላይ ሰማይ ሲመለከት፣ የሩቁን አገር ጊዜ በኪስ ይዞ ለመሄድ የሚያስችለውን ሰዓት የሠራው ሰው ለንደን ውስጥ በ77 ዓመቱ ሌላ ሰዓት እየሠራ ነበር። ስሙ ጆን ሃሪሰን ይባላል። ሃሪሰን የሰዓት ሥራ ከማንም ተቀምጦ የተማረ አልነበረም፤ አናጢ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሃሪሰን በ1693 በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ግዛት ፎልቢ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ አናጢ ነበር፤ ቤተሰቡም ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሀምበር ከሚባለው ወንዝ ማዶ ወደምትገኝ ባሮው ወደምትባል የገጠር መንደር ተዛወረ። በስድስት ዓመቱ ፈንጣጣ ታሞ ሲተኛ ማጫወቻ እንዲሆነው ሰዓት ትራሱ ላይ አኖሩለት፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ድምፁን ሲያዳምጥና ውስጡን ሲያይ ይውል ነበር እየተባለ ይተረካል። ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን፣ በእርግጥ የሚታወቀው አንድ ቄስ የካምብሪጁን መምህር የኒኮላስ ሶንደርሰንን የፊዚክስ ትምህርት ጽሑፍ እንዳዋሰውና ወጣቱ ሃሪሰን ሥዕሉን ሳይቀር በገዛ እጁ እንደገለበጠው ነው። ሶንደርሰን ዐይነ ስውር ነበር። የሃሪሰን ዩኒቨርሲቲ ይህ አንድ የእጅ ጽሑፍና የአባቱ የሥራ ጠረጴዛ ነበሩ።

የመጀመሪያውን ሰዓቱን የጨረሰው በ1713 ገና በ20 ዓመቱ ነው። ጊሮቹ ከእንጨት የተሠሩ ናቸው። ነሐስ በገጠር ውድ ነበረ፤ እንጨት ግን የቤቱ ዕቃ ነበር፤ ጠባዩንም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ከእንጨት ጊር መሥራት ቀላል እንዳይመስለን። ዋንዛን ወይም ወይራን በክብ ቆርጦ ዙሪያውን ጥርስ ለማውጣት የሞከረ ሰው እንደሚያውቀው፣ የእንጨቱ ጭረት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ በሁለት ወገን ያሉት ጥርሶች ጠንካራ ሲሆኑ በቀሩት ሁለት ወገኖች ያሉት በትንሽ ግፊት ይገነጠላሉ። ሃሪሰን ኦክ ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ የጊሩን ገላ ሠርቶ፣ ዙሪያውን ቦይ ካወጣለት በኋላ፣ ጥርሶቹን ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በተያያዙ ቁርጥራጮች ለብቻ አዘጋጅቶ ቦዩ ውስጥ በማጣበቂያ ተከላቸው። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲተከል ጭረቱ ከመሐል ወደ ውጭ እንዲመለከት ተደርጎ ስለነበረ፣ በጊሩ ዙሪያ ደካማ ጥርስ አልተገኘም። ከመጀመሪያ ሰዓቶቹ መካከል ሦስቱ፣ ማለትም በ1713፣ በ1715 እና በ1717 የተሠሩት፣ እስከ ዛሬ ድረስ አሉ።

በዚያው ዘመን የከተማ ሰዓት ሠሪዎች ጊር የሚሠሩት ከነሐስ ነበር፤ ዛሬም በቤቱ ሰዓት ለመሥራት የሚነሣ ሰው የሚጠብቀው ሥራ ይኸው ነው። ሥራው የሚጀምረው ከሒሳብ ነው። ፔንዱለሙ በየሰከንዱ የሚመታ ከሆነና የመጨረሻው ባለ 30 ጥርስ ጊር በደቂቃ አንድ ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ከደቂቃ ቆጣሪው ዘንግ እስከዚያ ድረስ ፍጥነቱ 60 ጊዜ መባዛት አለበት። ባለ 64 ጥርሱ ጊር ባለ 8 ጥርሱን ትንሽ ጊር ሲነዳ 8 ጊዜ፣ ባለ 60 ጥርሱ ሌላውን ባለ 8 ጥርስ ሲነዳ 7 ከግማሽ ጊዜ ያበዛል፤ 8 በ7 ከግማሽ ሲባዛ 60 ይሆናል። ሒሳቡ በዚህ ያልቃል፤ መከራው ከዚህ በኋላ ነው። የነሐሱ ገበታ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይጠነክራል፤ ክቡ በቶርኖ ይወጣል፤ ዙሪያው በኮምፓስ ወይም ቀዳዳዎቹ አስቀድመው በተከፈሉ ገበታ 64 ቦታ እኩል ይከፈላል፤ በመጋዝ ክፍተቱ ይቆረጥና በሞረድ የጥርሱ ትከሻ ይከበባል። በአከፋፈሉ ላይ የምትገባ የፀጉር ያህል ስሕተት ከጥርስ ወደ ጥርስ ትተላለፋለች። ሁለቱ ጊሮች ከሚገባው በላይ ከተቃረቡ ይያያዛሉ፤ ከተራራቁ ይዘላሉ። አንድ ጥርስ ላይ ኃይሉ በዝቶ በሌላው ላይ ካነሰ ሰዓቱ መሄዱን ባያቆምም እኩል አይሄድም።

ሃሪሰንን ያስጨነቀው ግን ከጥርሱ ይልቅ ዘይቱ ነበር። የዚያ ዘመን ዘይት ከእንስሳትና ከአትክልት የሚገኝ ስለነበረ በብርድ ይረጋል፣ በጊዜ ብዛት እንደ ሙጫ ይሆናል። ሌላው ሰዓት ሠሪ የተሻለ ዘይት ሲፈልግ፣ ሃሪሰን ዘይት የማይፈልግ ሰዓት ፈለገ። በ1720ዎቹ መጀመሪያ ለብሮክልስቢ ፓርክ የፈረስ ቤት በሠራው የማማ ሰዓት ላይ፣ በተፈጥሮው ቅባት ካለው ሊግነም ቪቴ ከተባለ የዌስት ኢንዲስ እንጨት ማዞሪያዎችን አበጀ። የትንንሾቹን ጊሮች ጥርስም በመርፌ ላይ በሚሽከረከሩ የእንጨት ዘንጎች ስለተካው መፋተጉ ወደ መንከባለል ተለወጠ። ሰዓቱ ያለ ዘይት ሄደ።

ከ1725 እስከ 1728 ባለው ጊዜ ከወንድሙ ከጄምስ ጋር የሠሯቸው ሰዓቶች ከዚህም ይበልጣሉ። የፔንዱለም ዘንግ በሙቀት ይረዝማል፤ ሲረዝምም ሰዓቱ ይዘገያል። ነሐስ ከብረት ይልቅ ስለሚለጠጥ፣ ሃሪሰን የሁለቱን ዘንጎች እያፈራረቀ በፍርግርግ መልክ አያያዛቸው፤ የብረቱ ወደ ታች መርዘም በነሐሱ ወደ ላይ መርዘም ተጣፋ። የጊሩን ሩጫ በየምቱ እየያዘ የሚለቀውንም ክፍል የአንበጣ እግር በሚመስል አዲስ ቅርጽ ሠርቶ መፋተጉን አጠፋ። መቆጣጠሪያው ምን ነበር ቢባል፣ ሰማይ ነው። የመስኮቱን ጠርዝና የጎረቤቱን ጭስ ማውጫ እንደ ማነጣጠሪያ ይዞ፣ አንድ ኮከብ ከጭስ ማውጫው ኋላ የምትሰወርበትን ቅጽበት ሌሊት ሌሊት ይመዘግብ ነበር፤ ኮከቧ በየሌሊቱ በ3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ እየቀደመች መሰወር ስለሚገባት፣ ሰዓቱ ከዚህ የሚያወጣው ልዩነት የሰዓቱ ስሕተት ነው። በዚህ መንገድ የተለካው ስሕተት በወር ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም ነበር። በዓለም ላይ ያን ያህል የሚታመን ሰዓት በሌላ ስፍራ አልነበረም፤ የተሠራውም በገጠር አናጢ ቤት ነው።

ወደ ባሕር የሳበው በ1714 የወጣው የእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ ነበር። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ አድሚራል ሾቭል የሚመራቸው አራት የጦር መርከቦች ቦታቸውን ስተው ከሲሊ ደሴቶች ዓለት ጋር ተላትመው ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አልቆ ነበር። ሕጉ በባሕር ላይ ኬንትሮስን እስከ ግማሽ ዲግሪ ባለ ስሕተት ለሚያገኝ ሰው 20,000 ፓውንድ ሽልማት ወሰነ። ግማሽ ዲግሪ ማለት ሁለት የሰዓት ደቂቃ ነው፤ ወደ ዌስት ኢንዲስ የሚደረገው ጉዞ ስድስት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ፣ ሰዓቱ በሚወዛወዝ መርከብ ላይ፣ በብርድና በሙቀት፣ በቀን ከሦስት ሰከንድ በላይ መሳሳት የለበትም። ፔንዱለም መርከብ ላይ አይሠራም። ታላላቆቹ ሊቃውንት ይህ በሰዓት የሚሆን ነገር አይደለም ብለው ዐይናቸውን ወደ ጨረቃና ወደ ከዋክብት አቅንተው ነበር።

ሃሪሰን በ1730 ሥዕሉን ይዞ ለንደን ገባ። የንጉሡ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሊ ተቀብሎ ወደ ስመ ጥሩው ሰዓት ሠሪ ወደ ጆርጅ ግራሃም ላከው። ግራሃም ሐሳቡን ሰርቆ ሊሄድ የሚችል ሰው ነበር፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሲያነጋግረው ዋለና ያለ ወለድ ገንዘብ አበድሮ ሸኘው። የሙያ ባልደረባ ምን መሆን እንደሚገባው ለማሳየት ይህን ጸሐፊ የሚያረካ ሌላ ምሳሌ የለም። አምስት ዓመት የፈጀው የመጀመሪያው የባሕር ሰዓት 34 ኪሎ የሚመዝን የነሐስ ማሽን ሲሆን፣ በፔንዱለም ፈንታ በሞላ ተያይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚወዛወዙ ሁለት ሚዛኖች ነበሩት። ጊሮቹ ግን አሁንም የእንጨት ነበሩ። በ1736 ወደ ሊዝበን ተወስዶ ሲመለስ፣ የመርከቡ ሹማምንት የታየው የብስ ስታርት ነው ሲሉ ሃሪሰን ሊዛርድ ነው አለ፤ እሱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 60 ማይል ያህል ነበር።

ሁለተኛው ሰዓት ሙሉ በሙሉ የብረታ ብረት ሥራ ነው፤ ጊሮቹም ነሐስ ሆኑ። ከተፈጸመ በኋላ ግን መርከብ በመጠምዘዣ በኩል ሲዞር ሚዛኖቹ እንደሚሳሳቱ ያወቀው ሌላ ሰው ሳይሆን ሠሪው ራሱ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ከፈተና አወጣው። ሦስተኛውን በ1740 ጀምሮ 19 ዓመት ለፋበት። ከ700 በላይ ክፍሎች ያሉት ይህ ማሽን ሃሪሰን የሚፈልገውን ፈተና ሳያልፍ ቀረ። ለእኛ ሙያ ግን ሁለት ነገር አትርፎልናል። ብረትና ነሐስን በአንድነት አጣብቆ በሙቀት እንዲቆለመም ያደረገው ቅጠል በኤሌክትሪክ ካውያ ሙቀት መቆጣጠሪያ ውስጥ ኖሯል፤ ኩርኩሮቹን በማቀፊያ ይዞ የሚያዞረው ኩሽኔታ ደግሞ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው የጭነት መኪና ሁሉ የሚሄድበት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማድነቅ ይገባል። በ1753 አንድ የለንደን ሰዓት ሠሪ በሃሪሰን ትእዛዝ ለሃሪሰን የግል መጠቀሚያ የሚሆን የኪስ ሰዓት ሠራለት፤ ትንሹ ሰዓት ከተጠበቀው በላይ የሚታመን ሆኖ ተገኘ። ሃሪሰን የስልሳ ዓመት ሰው ነበር፤ ትላልቅ ማሽኖችን ሲያሻሽል ዕድሜውን ፈጅቷል። ትንሽና ፈጥኖ የሚመታ ሚዛን በመርከብ ውዝዋዜ እንደማይደናገጥ ሲረዳ ግን የቀድሞ መንገዱን ተወ። በ1759 የተፈጸመው አራተኛው ሰዓት ወርዱ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ነው። በሰከንድ አምስት ጊዜ ይመታል፤ በየ7 ከግማሽ ሰከንዱ የሚጠቀለል ትንሽ ሞላ ስላለው፣ በጊሮቹ ላይ የሚኖረው የኃይል መብዛትና ማነስ እስከ ሚዛኑ አይደርስም። እዚህ ላይ ግን ዘይትን ማስቀረት አልቻለም፤ በዚህ መጠን የእንጨት ማዞሪያ ቦታ የለውም።

በኖቬምበር 1761 ልጁ ዊልያም ሰዓቱን ይዞ ወደ ጃማይካ ተጓዘ። ከ81 ቀን በኋላ ስሕተቱ 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆነ። የኬንትሮስ ቦርድ የተባለው ሸንጎ ግን ይህ ዕድል ሊሆን ይችላል ብሎ ሌላ ፈተና አዘዘ። በ1764 ወደ ባርባዶስ በተደረገው ጉዞ በ47 ቀን 39 ሰከንድ ተሳሳተ፤ ይህም ለሙሉው ሽልማት ከሚፈለገው ሦስት ጊዜ የተሻለ ነው። በዚያ ደሴት ውጤቱን ከሚለኩት አንዱ የጨረቃን ዘዴ የሚደግፈው ኔቪል ማስክላይን ነበረ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የንጉሡ የሥነ ፈለክ ሊቅ ተብሎ የቦርዱ አባል ሆነ። በ1765 አዲስ ሕግ ወጣ። ሃሪሰን ቀድሞ የወሰደው ተቀንሶለት 10,000 ፓውንድ የሚያገኘው ሰዓቱን ፈትቶ የአሠራሩን ምሥጢር ለባለሙያዎች ካስረዳና ሰዓቶቹን ሁሉ ካስረከበ ነው፤ ቀሪው 10,000 የሚሰጠው ሌሎች ሠሪዎችም ሊሠሩት እንደሚችሉ ሲረጋገጥ ነው ተባለ። ሰዓቶቹ ከቤቱ ሲወጡ የመጀመሪያው ከተሸካሚዎች እጅ ወደቀ።

በዚህ ታሪክ ሃሪሰንን ተበዳይ፣ ቦርዱን በዳይ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ነው። ለሽማግሌው የተደረገው አያያዝ የሚያሳፍር መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሁለት ጊዜ በባሕር ተፈትኖ ያለፈን ሰው በአዲስ ሕግ እንደገና መፈተን ፍትሕ አይባልም። የቀረበው ጥያቄ ግን በእኔ አስተያየት የመሐንዲስ ጥያቄ ነበር። አንድ ሰው ብቻ የሚሠራው መሣሪያ ለአንድ መርከብ ይበቃል፤ የእንግሊዝ መርከቦች ግን በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጋራዦች ከገበያ የጠፋ የወፍጮ ጊር ሲሰበር፣ ነሐሱን ወይም ብረቱን በሞርሳ አስሮ በሞረድ ጥርስ የሚያወጣ ባለ እጅ ማግኘት ይቻላል። ሥራው ያስደንቃል። ሥዕል ግን አይሣልም፣ የብረቱ ዓይነት አይጻፍም፣ ጥልቀቱ አይመዘገብም፤ ሰውዬው ሲያርፍ ዕውቀቱ አብሮ ይቀበራል። ይህ የባለ እጁ ጥፋት አይደለም። ቀጥቃጭ እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ሙያተኛ ምሥጢሩን ቢደብቅ አይፈረድበትም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር እንደነበረው ያሳያል። ሥዕሉን ሊሥልለት፣ ልኩን ሊመዘግብለት የሚገባው ባለ ዲግሪው ነው፤ ያውም ባለ እጁ ስሙንና ዋጋውን እንዳያጣ አድርጎ። የሃሪሰን ቦርድ የሳተው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ላርከም ኬንደል የሚባል ሰዓት ሠሪ በቦርዱ ትእዛዝ አራተኛውን ሰዓት ከነጌጡ ገልብጦ በ1769 ፈጸመ። ካፒቴን ኩክ ከ1772 እስከ 1775 ባደረገው ሁለተኛው ጉዞው ይህንኑ ቅጂ ይዞ እስከ አንታርክቲክ በረዶ ድረስ ደረሰ፤ ሲሄድ በሰዓቱ ተጠራጥሮ ነበር፣ ሲመለስ አመነበት። ኬንደል ግን ያን ዓይነት ሰዓት በርካሽ ለመሥራት እንደማይቻል አስታወቀ። ሰዓቱን ለብዙ መርከቦች የሚዳረስ ያደረጉት ጆን አርኖልድና ቶማስ ኧርንሾ የተባሉት ባለሙያዎች ናቸው፤ እነሱም የሃሪሰንን መንገድ ትተው አሠራሩን በጣም ቀላል አድርገውታል። ሃሪሰን በዚህ ጊዜ አምስተኛውን ሰዓት ሠርቶ ነበር። በ1772 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በግል የምርምር ቤታቸው አስቀምጠው ራሳቸው ሲፈትኑት በጣም የሚታመን ሆኖ ስላገኙት ጉዳዩ በቀጥታ ለፓርላማ ቀረበ። በ1773 ፓርላማው 8,750 ፓውንድ ሰጠው፤ ቦርዱ ሽልማቱን ለማንም ሳይሰጥ ቀረ። ሃሪሰን በ1776 በ83 ዓመቱ ዐረፈ።

ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በፔንዱለም የሚሄድ ሰዓት በ100 ቀን ከአንድ ሰከንድ የማይበልጥ ስሕተት ይዞ እንዲሠራ ማድረግ እንደሚቻል ገልጾ ነበር። የጊዜው ባለሙያዎች የጃጀ ሽማግሌ ቅዠት ነው ብለው ሳቁበት። በእኛ ዘመን ማርቲን በርጀስ የተባለ ሠሪ የሃሪሰንን አሳብ ተከትሎ የጀመረው ሰዓት በ2015 በግሪኒች በታሸገ ሣጥን ተፈትኖ በ100 ቀን የሰከንድ አምስት ስምንተኛ ያህል ብቻ ተሳስቷል። የባሕር ሰዓቶቹ ግን ለረጅም ዘመን ተረስተው ዝገት በልቷቸው ነበር፤ ከ1920 ጀምሮ እየጠረገ ያስነሣቸው ሩፐርት ጉልድ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ነው። አሁን በግሪኒች የምርምር ቤት ይታያሉ። ሦስቱ ትላልቆቹ ያለ ዘይት ይሄዳሉ። ሽልማቱን ያስገኘው አራተኛው ግን ዘይት ስለሚፈልግ፣ ዘይቱም ሲያረጅ ክፍሎቹን ስለሚበላ፣ እንዲቆም ተደርጎ ተቀምጧል።